አባቴ በእንግሊዝኛ የጠየቀው ይቅርታ

አባቴ በደብረ ታቦር ከተማ ይቅርታን በስድስት ዓይነት እንግሊዝኛ መጠየቅ የሚችል ብቸኛ ሰው ነበር። በአማርኛ ሲጠይቅ ግን ሰምቼው አላውቅም። ይህ ጉድለት መሆኑ ያኔ አልገባኝም። እንዲያውም የሌሎች ልጆች አባቶች «ይቅርታ» የሚሉት የተሻለ ነገር ስለማያውቁ ይመስለኝና አዝንላቸው ነበር።

ስሙ ዓለምነው ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር፤ የምማረውም እዚያው ነው። በግቢው ውስጥ አማርኛ መናገር ክልክል ነው። አማርኛ ያመለጠው ልጅ በሲባጎ የታሰረ ጣውላ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበታል፤ ጣውላውን የሚያወልቀው ሌላ አማርኛ የሚናገር ልጅ ሲይዝ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ ግቢያችን ጸጥ ያለ ነበር። ወላጆች በር ላይ ቆመው «እንዴት ያለ ሥነ ሥርዓት ነው!» እያሉ ያደንቃሉ። ዝም ያልነው እንግሊዝኛ ስለማንችል እንደሆነ የነገራቸው ሰው የለም። በምን ቋንቋ እንንገራቸው?

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ አባቴ መድረክ ላይ ይወጣና ስለ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ይሰብካል። ከርዕሶቹ ሁሉ የሚወደው ይቅርታን ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

«ኤክስኪዩዝ ሚ በሰው መሃል ስታልፉ ነው! ፓርደን ሳይሰማችሁ ሲቀር ነው! ሶሪ እግር ስትረግጡ ነው! እግር ረግጦ ኤክስኪዩዝ ሚ የሚል ሰው ምንድን ነው?»

«አኒማል!» እንላለን በአንድ ድምፅ።

«ላውደር!» ይላል፤ ጮክ በሉ ማለቱ ነው።

«አኒማል!»

ከዚያ በዕረፍት ሰዓት ሶሪ ለማለት ስንል ሆን ብለን እግር ለእግር እንረጋገጣለን።

በዚያ ዓመት ጥር ውስጥ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሙላቴ ይፋግ ላይ ሚስት አገባ። እናቴ ብዙነሽ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ተረኛ ስለነበረች ከሰዓት በኋላ ነው የምትደርሰው። እኔና አባቴ በኪራይ ፒክአፕ ቀደምን። ከኋላ ወንበር አጠገቤ በጋቢ የተጠቀለለ፣ እኔን የሚያህል ነገር ተቀምጧል።

«አባባ፣ ምንድን ነው?»

«ለሙላቴ ነው።»

«ለምን ጋቢ ለበሰ?»

«ብርድ እንዳይመታው።»

አባቴ ለዕቃ እንኳ የሚራራ ሰው መሆኑ ልቤን ነካው። ቁልቁል ወርደን ወረታ ላይ ሙቀቱ ሲቀበለን ጋቢውን ልገልጥለት ብል «ተዪው!» ብሎ ጮኸብኝ። ብርዱ ገና ያልለቀቀው መሰለኝ።

ዳሱ ውስጥ ጋቢው ሲገለጥ ሞንታርቦ ሆኖ ተገኘ፤ ያ ጥቁሩ፣ ትልቁ የድምፅ ማጉያ። ጎኑ ላይ እንደ ጥፊ የተለጠፈ ቀይ ቀለም አለበት። የትምህርት ቤታችንም ሞንታርቦ በሩ ሲቀባ ባልዲ ተደፍቶበት ልክ እንደዚያው ነው። ሁለቱን አስተያየሁና ሞንታርቦ ሁሉ ጎኑ ላይ ቀይ ቀለም እየተደረገበት ነው የሚሠራው ብዬ ደመደምኩ። በዚያ ሰርግ እንደ አባቴ የተመሰገነ ሰው አልነበረም። «ዓለምነው ባይኖር ሰርጉ ዱዳ ይሆን ነበር» እያሉ አንድ ጎን ሥጋ ከሌላው በፊት ለእሱ ቆረጡለት። ስንመለስ ጋቢው ባዶውን ተመለሰ። ሙላቴ «ሰኞ ጠዋት እልከዋለሁ፣ ጋሼ» አለ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሙላቴን አልፈርድበትም። የሚቀጥለው ሳምንት የጎረቤቱ ሰርግ ነበር፣ ከዚያ የሚዜው፣ ከዚያ የሚዜው እህት። ጥር ነው፤ ያ ሞንታርቦ ከዳስ ዳስ ሲዞር ከረመ። አባቴም ደውሎ አልተቆጣም። ሲመሰገን የከረመ ሰው እንዴት ይቆጣል?

የካቲት ገባ። ከዞን እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለና ዘበኛው ጋሽ ይሻው ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን ሞንታርቦ ሊያወጡ መጋዘን ከፈቱ። ቦታው ባዶ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ሦስት ሰው እጅ ይገኛል፤ አባቴ፣ ጋሽ ይሻው፣ ደግሞ የእንግሊዝኛ ክበብ ኃላፊዋ መምህርት ርብቃ።

መምህርት ርብቃ በዚያው ዓመት የመጣች አስተማሪያችን ናት። ወጣት ናት፤ ስትስቅ ትከሻዋ ቀድሞ ይስቃል። ክፍል ስትገባ ጣውላ ያንጠለጠለውን ልጅ ትጠራና ከአንገቱ አውልቃ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች። ደወል ሲደወል መልሰን እናጠልቃለን። ይህን የማያውቅ ዳይሬክተሩ ብቻ ነበር፤ እኔም አልነገርኩትም። አስተማሪዬን እወዳት ነበር።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ያለ ሞንታርቦ፣ በባዶ ጉሮሮው መድረክ ላይ ቆመ። ልጆቻቸውን ያደረሱ ወላጆች ገና አልሄዱም ነበር።

«እንግዳ እየጠበቅን በባዶ ድምፄ የምጮኸው ለምንድን ነው? በመካከላችን ሌባ ስላለ ነው! የሕፃናት ንብረት የሰረቀ ሌባ! ቁልፍ ሰጥተን ያመንናት!» አለና ጣቱን ዘረጋ። «መምህርት ርብቃ፣ ሞንታርቦው የት ነው?»

በሰልፍ ላይ አማርኛ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጣውላው ለእሱም ይገባው እንደሆነ ዙሪያዬን አየሁ። አሁን ሳስበው ግን አባቴ ቋንቋውን በጥንቃቄ ነው የመረጠው። ሌባ ሲላት ማንም ሳይገባው እንዲቀር አልፈለገም።

መምህርት ርብቃ «ጋሽ ዓለምነው፣ እኔ አላውቅም» አለች። በዚያው ቀን ከሥራ ታገደች። በሚቀጥሉት ቀናት የአዋቂዎችን ወሬ ቁርጥራጩን ለቀምኩ፦ አከራይዋ ሳህን መቁጠር ጀምራለች፤ ወጥ ቤቱን ቆልፋባታለች፤ ታጭታ ነበር፣ የልጁ እናት «እስቲ ይጣራ» ብላለች። ሳህን የሚቆጠረው ስንት መሆኑን ለማወቅ ይመስለኝ ስለነበር ይህ ሁሉ ምን እንዳስለቀሳት አልገባኝም።

ሞንታርቦ ግን በእሷ ምክንያት እንደጠፋ አመንኩ። አባቴ ብሏላ።

በሁለተኛው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ገብረመድኅን ቤታችን ምሳ በሉ። የንስሐ አባታችን ናቸው፤ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም። ጉርሻቸውን ውጠው ወደ እኔ ዞሩና፦

«ማሬ፣ የአጎትሽ ሰርግ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«በጣም ደስ ይላል፣ አባ! ሞንታርቦ ነበረ። እንደኛ ትምህርት ቤት ሞንታርቦ ጎኑ ላይ ቀይ ቀለም አለው። ሞንታርቦ ሁሉ ቀይ ቀለም አለው አይደል?»

አባቴ ጉርሻውን እንደያዘ ማላመጥ አቆመ። ዓይኑ ፈጠጠ። አነቀው ብዬ ሮጬ ውሃ አመጣሁለትና «ሶሪ አባባ!» አልኩት። ሰው ሲታነቅ ሶሪ እንደሚባል ያስተማረኝ እሱ ነው።

እናቴ እጇን ከትሪው አነሳች። «ተከራይቼው ነው አላልከኝም?» አለችው፣ ቀስ ብላ።

ቄስ ገብረመድኅን አባቴን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ። «አይ ልጄ፣ ሁሉም የለውም» አሉኝ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ፎጣውን አጣጥፈው አስቀመጡ። «ዓለምነው፣ እስቲ ደጅ እንውጣ።»

መስኮት ሥር ተለጥፌ አዳመጥኩ። የተሰማኝ ግማሽ ግማሹ ነው። «የሰው ልጅ ስም…» ይላሉ ቄሱ። «ሙላቴ እኮ ነው ያዘገየው…» ይላል አባቴ። «ሙላቴን ተወው!» ይላሉ ቄሱ። ይህን ሰምቼ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ አለልኝ፦ ሞንታርቦውን የሰረቀው አጎቴ ሙላቴ ነው። አባቴ ደግሞ ለሚስቱ ወንድም ሲል ጥፋቱን ሊሸከምለት ነው። የሚያለቅስ ወንድ ሁሉ ጥፋተኛ ያልሆነ ይመስለኝ ነበር፤ አባቴም ከደጅ ሲገባ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ቄሱ በሩ ላይ ቆመው የፈረዱት ፍርድ ግን በደንብ ተሰማኝ። «ሰልፍ ላይ ሌባ እንዳልካት፣ ሰልፍ ላይ ይቅርታ ትጠይቃታለህ። ወላጅ ባለበት። በሚመጣው ሰኞ።»

«እሺ አባ። ግን… በእንግሊዝኛ ይሁንልኝ። ሰልፍ ላይ አማርኛ ክልክል ነው። የትምህርት ቤቱ ሕግ ነው።»

ቄስ ገብረመድኅን ትንሽ አሰቡ። «እግዚአብሔር የማይሰማው ቋንቋ የለም። ይቅርታ ይሁን እንጂ በፈለግኸው በለው።»

እንደዚያ ባይፈቅዱለት ኖሮ ዛሬ የማወራው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ያን ሳምንት ቤታችን የቋንቋ ቤተ ሙከራ ሆነ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ሳሎን መሃል ይንጎራደዳል። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች፦

«ይቅርታ በላትና ገላግለን። አራት ፊደል እኮ ነው» ትለዋለች።

«አንቺ አይገባሽም። የአማርኛ ይቅርታ መውጫ የለውም። ካልሽ አልሽ ነው። እንግሊዝኛ ግን በየጎኑ በር አለው።»

«እና በየትኛው በር ልትወጣ ነው?»

«እሱን እኮ ነው የማጠናው!»

ከዚያ እኔን ጠርቶ ዱካ ላይ ያስቀምጠኛል። «አንቺ ርብቃ ነሽ» ይለኛል። አገጬን ከፍ፣ እግሬን ቆለፍ አደርጋለሁ። አባቴ ፊቴ ቆሞ ኮቱን ይቆልፋል፤ አንገቱን ደፋ ያደርጋል።

«አይ አፖሎጃይዝ» ይላል። ወዲያው ቀና ይልና ራሱን ይነቀንቃል። «አይሆንም። ይሄ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው። ፍርድ ቤት ብትወስደው ያስፈርድብኛል።»

«ፎርጊቭ ሚ» ይላል። «ኧረ! ይሄማ መንበርከክ ነው። የቤተ ክርስቲያን ነው።»

«አይ ሪግሬት» ይላል፤ ደረቱን ነፍቶ። «ይሄ መንግሥት የሚለው ነው። ለአንዲት አስተማሪ ይበዛባታል።»

በመጨረሻ ሶሪ ቀረች። ስለ ሶሪ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። «ሶሪ ጎበዝ ናት፣ ማሬ። ሰው ሲሞትበት ሶሪ ነው፤ እግሩን ስትረግጪው ሶሪ ነው። ገዳዩም ለቀስተኛውም እኩል የሚሉት ቃል ነው። ሰሚው የፈለገውን ይውሰድ።»

ሐሙስ ዕለት ለሶሪ አንዲት ትንሽ ቃል አገኘላት፤ «ኢፍ»። «ከሆነ» ማለት ናት። ተጎድተሽ ከሆነ። ካልሆነ ደግሞ ቀረ። አባቴ ኢፍን ባገኘ ቀን ሁለት ጊዜ ራት በላ።

አርብ የቀረው ጅራቱ ብቻ ነበር፤ «ቱ ዩ» ይበል ወይስ «ፎር ዩ»? ሁለቱንም ደጋግሞ አለልኝ።

«የቱ ደስ ይላል?»

«ፎር ዩ!» አልኩ ሳላመነታ። በመጽሐፋችን ላይ አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ ኳስ ስትሰጥ የምትለው «ፎር ዩ» ነው። ስጦታ ያለበት ይቅርታ መሰለኝ። አባቴ ለረጅም ጊዜ አየኝና ፈገግ አለ። ራሴን ሳመኝ።

ያን ያህል ተጨንቆ ይቅርታ የሚመርጥ አባት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ኮራሁ። መጨነቁስ እውነት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲደክም የከረመው ግን ይቅርታ ላለመጠየቅ ነበር።

ሰኞ ግቢው ጢም አለ። በወላጅ ብቻ አይደለም፤ ወሬ ሰምተው የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ አጥሩ ላይ ተደግፈዋል። ሞንታርቦው ከይፋግ ተመልሶ መድረኩ ጎን ቆሟል፤ የሰርግ ሪባን አሁንም አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። መምህርት ርብቃ ግራጫ ሹራብ ለብሳ ከአስተማሪዎቹ ነጠል ብላ ቆማለች። ከስታለች። ቄስ ገብረመድኅን ከፊት ወንበር ላይ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

አባቴ በሙሉ ልብስ ወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ በሞንታርቦው እስከ ገበያው ወረደ።

«ዲር ቲቸር ርብቃ! ኢፍ ዩ ዌር ኸርት ባይ ዘ ሚስአንደርስታንዲንግ፣ አይ አም ሶሪ ፎር ዩ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። አንዲት እናት እልልታዋን አቀለጠችው። ቄሱ ወደ ጎን ዘንበል ብለው ጎረቤታቸውን «ይቅርታ አለ?» ሲሉ ሰማሁ።

«ሶሪ ብሏል፣ አባ።»

«እንግዲያው እሰየው።»

አባቴ ፊቱ ወዝቶ ሊወርድ ሲል መምህርት ርብቃ ሳትቸኩል መድረኩ ላይ ወጣችና ማይኩን ተቀበለችው። ይሰጣታል እንጂ ምን ያደርጋል? ሰው እያጨበጨበ ነው።

«እንግሊዝኛ ላልሰማችሁ ወላጆች ልተርጉምላችሁ» አለች በአማርኛ። በክፍል ድምጿ ነበር። «ዳይሬክተራችን ያሉት እንዲህ ነው፦ በተፈጠረው አለመግባባት ምናልባት ተጎድተሽ ከሆነ፣ አንቺ ታሳዝኚኛለሽ።»

ጭብጨባው ቆመ።

«ሞንታርቦውን ማን ወሰደው የሚለው በእንግሊዝኛው ውስጥ የለም። ደጋግሜ ፈለግኩት፤ አጣሁት።»

አጥሩ ላይ ያሉት ሾፌሮች ሳቁ። ከዚያ ወላጆቹ። ከዚያ፣ ምኑ እንዳሳቀው የማያውቀው አንደኛ ክፍል ሁሉ። መምህርት ርብቃ አልሳቀችም። ወደ አባቴ ዞረች።

«ጋሽ ዓለምነው፣ ሌባ ያሉኝ በአማርኛ ነው። ይቅርታውንም በዚያው ይንገሩኝ።»

ተቆጣሁ። ያን ሁሉ ቀን የተደከመበትን፣ ስጦታ ያለበትን ይቅርታ አጣማ ተረጎመችው ብዬ እግሬን መሬት ላይ ደበደብኩ። አንድም ቃል እንዳላጣመመች ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። አባቴ ያን ያለው አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ? እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። ሁለቱም ያሳፍራሉ፤ እሱን ካወቅኩት ግን ሳያውቅ ነው ከሚባል ተንኮለኛ ቢባል ይመርጣል።

ቄስ ገብረመድኅን ተነሱ። መስቀላቸውን ጨበጡ። የተታለሉት እሳቸውም ናቸውና ፊታቸው ጠቁሯል።

«ዓለምነው፣ በአማርኛ።»

አባቴ ወደ ሰማይ አየ። ወደ መሬት አየ። ከማይኩ ዘወር ብሎ በደረቱ ውስጥ አንድ ነገር አጉረመረመ። ፊት የተሰለፍነው ብቻ ሰማን፦ «ይቅርታ፤ የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«አልሰማንም!» አሉ ከኋላ።

አባቴ ላብ አጠመቀው። ደገመው፤ ትንሽ ከፍ አድርጎ።

«አልተሰማም! ላውደር!» አለ አንድ ሾፌር ከአጥሩ ላይ። እሱም ድሮ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሽ ይሻው ዘበኛው ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወደ መድረኩ ወጡ። ማይኩን ከመምህርት ርብቃ እጅ ተቀበሉና ልክ ሕፃን እንደሚያጎርሱ አባቴ አፍ ሥር ያዙለት። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት!» አለ አባቴ። ግቢው አስተጋባ። «ለሙላቴ ሰርግ! ርብቃ አልሰረቀችም! አጥፍቻለሁ! ይቅርታ አድርጊልኝ!»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ለአጎቴ ሲል በሺህ ሰው ፊት የሰውን ኃጢአት ተሸከመ ብዬ፣ ስቅለት ላይ የቆምኩ እስኪመስለኝ አለቀስኩ። ጓደኛዬ አዲስዓለም «አይዞሽ» ስትለኝ «አንቺ አይገባሽም» አልኳት።

ሁሉም የመምህርት ርብቃን አፍ ማየት ጀመረ። የሚባለው ይታወቃል፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ትላለች፣ መስቀል ይሳለማሉ፣ ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል። ቄሱ መስቀሉን አዘጋጅተው ቆመዋል።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ» አለች። «እኔ ግን ገና ነኝ።»

ከመድረኩ ወረደችና በፊታችን ቆመች። «አራተኛ ክፍል፣ ተከተሉኝ።» ተከተልናት። በዚያ ቀን ማንም ጣውላ አላንጠለጠለም።

ቤት ስገባ እናቴን ያዝኳት። «እማዬ፣ የሰረቀው ሙላቴ ነው አይደል? አባባ ለእሱ ብሎ ነው አይደል?»

እናቴ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። ከዚያ ድንገት ሳቋ ቆመ። ጸጉሬን እየዳበሰች፦

«እንደዚያ ብለሽ እመኚ» አለችኝ። «አንድ ሰው እንኳ ይመንለት።»

አመንኩለት። ለዓመታት አመንኩለት። ሙላቴ መጥቶ ከረሜላ ሲሰጠኝ ከሌባ አልቀበልም ብዬ አስደንግጬዋለሁ። መምህርት ርብቃ ክፍል ውስጥ ስትጠይቀኝ መልሱን እያወቅኩ ዝም እል ነበር። አንድም ቀን አልተቆጣችኝም፤ ይህም ይበልጥ ያናድደኝ ነበር። አባቴ በዓመቱ መጨረሻ ትምህርት ቤቱን ለቀቀና አንድ መሥሪያ ቤት ገባ። ለምን ለቀቅህ ሲሉት «እንግሊዝኛ የማይሰማ ወላጅ ይዞ መሥራት አይቻልም» ይል ነበር። ያ የታጨችለት ልጅ ሽማግሌ መልሶ ልኮ ነበር አሉ። መምህርት ርብቃ ሽማግሌዎቹን ቡና እንኳ ሳታጠጣ ሸኘቻቸው። በኋላ ሌላ አገባች።

አምና መስከረም ላይ አባቴ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቤት ተኝቶ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ሰው ሲታመም ሁሉም ይመጣል፤ የተጣላውም ይመጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳና ከፈትኩ። መምህርት ርብቃ ናት። ጸጉሯ ሸበት ጣል አድርጎበታል፤ ብርቱካን በፌስታል ይዛለች። አሁን መምህራንን የምታሠለጥነው እሷ ናት። ጉንጬን ሳመችኝና አልፋኝ ገባች።

አባቴ ሲያያት ለመነሳት ሞከረ፤ ስፌቱ ያዘው።

«ይተኙ፣ ይተኙ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ስለ ዝናቡ ተወራ። ስለ ገብሱ ተወራ። ስለ ሐኪሙ ተወራ። እናቴ ብርቱካን ላጠች። አባቴ ጣራውን እያየ፦

«ርብቃ» አለ፣ «ይቅር ልትዪኝ ነው የመጣሽ?»

«ኧረ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

አባቴ የመጣበትን ስላላወቀ ፈገግ አለ። እሷም ፈገግ አለች፤ ግን አልተነሳችም።

«እንዲያውም ከጠየቅኩዎ አይቀር» አለች፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የመጋዘኑ ቁልፍ ጋሽ ይሻውም ዘንድ ነበረ። ዘበኛው ነው ቢሉ ሁሉም ወዲያው ያምንዎት ነበር። ለምን እኔን?»

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ፣ ካደግኩ በኋላ፣ ፈርቶ ያገኘው ሰው ላይ ለጠፈው ብዬ ነበር የማስበው። ለአባቴ ያገኘሁለት የመጨረሻው ምክንያት ይኸው ነበር።

አባቴ ሲመልስ ወደ እሷ አላየም።

«ሥራ በጀመርሽ በወሩ ቢሮዬ መጣሽ። የሰኞ ንግግሬ ላይ አንድ ስህተት አለ ብለሽ ልትነግሪኝ። ትዝ ይልሻል?»

«ትዝ ይለኛል።»

«ስትገቢ በሩን ዘጋሽው። ሰው እንዳይሰማብኝ ብለሽ። በሰው ፊት ብታርሚኝ ኖሮ እንጣላ ነበር፤ ያልቅ ነበር። አንቺ ግን በሩን ዘጋሽ። ደበቅሽልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ዓይንሽን ማየት አልቻልኩም። ሞንታርቦው የለም ሲባል መጀመሪያ የመጣልኝ ያንቺ ስም ነው። ደስ ብሎኝ ነው የጠራሁት። ፈርቼ አይደለም።»

እንደዚያ ያለ ነገር ከአባቴ አፍ፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ ሰምቼ አላውቅም። መምህርት ርብቃ እጇ ላይ ያለውን ብርቱካን ቁራጭ አየችው። በላችው። ፍሬውን በመዳፏ ተፍታ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«እሱን ከዚያን ዕለት ጀምሮ አውቀው ነበር» አለች። «ያውቁት እንደሆነ ነው ያላወቅኩት።»

ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። በአልጋው ራስጌ ቆማ አባቴን ቁልቁል አየችው።

«እግዜር ይማርዎ፣ ጋሽ ዓለምነው» አለችና ወጣች።

እስከ በር ሸኘኋት። ስመለስ አባቴ በክርኑ ተደግፎ ግማሽ ተነስቷል። ስፌቱን ረስቶታል።

«ማሬ፣ ይማርዎ ነው ያለችው?»

«አዎ።»

«የቱን ይማርዎ? ሕመሙን ነው ወይስ ያንን?»

«አላውቅም አባባ። ለበሽተኛ ሁሉ እኮ እንደዚያ ይባላል።»

«ድምጿስ? የበሽተኛ ነበር የይቅርታ?»

«እንጃ።»

«ሩጪ! ባጃጅ ሳትይዝ ድረሺባትና የትኛውን ማለቷ እንደሆነ ጠይቂልኝ!»

እናቴ ትከሻውን ይዛ መልሳ አስተኛችው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበችለት።

«ተኛ» አለችው። «ስትድን ራስህ ሄደህ ትጠይቃታለህ።»